መማሪያ የበዛበት

ጎረቤቴ የዩኩሌሌ መማሪያ አለው። አለው ስል አንድ እንዳይመስላችሁ። ስልኩ «በኋላ አያቸዋለሁ» ብሎ ባስቀመጣቸው ቪዲዮዎች ተጨናንቋል። በፒዲኤፍ ያወረዳቸው መጻሕፍት አሉ። ያሳተማቸው ወረቀቶችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ በየፈርጃቸው ተለይተው ማኅደር ውስጥ ገብተዋል። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ሰነድ አያያዝ ያውቅበታል። የጎደለው ዘፈን ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት የሰው ጓዳ እየገባሁ ስለምፈትሽ እንዳይመስላችሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የእሱ ሳሎንና የእኔ መኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ግድግዳው ደግሞ ዓይን ይከልላል፤ ጆሮ ላይ አልሠለጠነም። ማታ ከሥራ ሲመለስ የአንድ አስተማሪ ድምፅ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ሞቅ ያለ ሰላምታ ያቀርባል፣ አጭር ሙዚቃ ያሰማል፣ ስለ ራሱ ትንሽ ያወራል፣ ከዚያ ጸጥ። ወዲያው ሌላ ሰው ሰላምታ ያቀርባል። ቀጥሎ አንዲት ሴት። ቀጥሎ ሌላ ጎልማሳ። ሁሉም ሰላም ይላሉ። አንዳቸውም ደህና ሁኑ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ዩኩሌሌው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታላቅ እህቱ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛለት መጣች፤ ከቫይታሚኑና ከጫማው መሀል ተሸጉጦ። አራት ክር ያላት፣ ከብብት የማታልፍ እንጨት ናት። እናቱ እማማ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና «ይቺ ስታድግ ጊታር ትሆናለች?» አሉ።

እማማ ይቀልዱ አይቀልዱ ፊታቸው አይናገርም። ለዚህም ነው እኛ ፎቅ ላይ የሚፈሩት።

ነገሩ ግን የዩኩሌሌ አያት ቅድመ አያት ጊታር ሳይሆን ሌላ ትንሽ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1879፣ እኛ ዘንድ አፄ ዮሐንስ ነግሠው ሳለ፣ ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋል ደሴት ከማዴይራ ከ400 በላይ ሰው ጭና ሆኖሉሉ ደረሰች። ሰዎቹ የመጡት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ነው። ከመሀላቸው ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ ሦስት እንጨት ሠሪዎች ነበሩ። የአገራቸውን ማሼቴ የተባለ ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ እያሰቡ በሃዋይ እንጨት አዲስ ነገር መሥራት ጀመሩ። የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋ ወደዱት፤ ንጉሥ የወደደውን ደግሞ ማን ይጠላል። እነሆ ከሸንኮራ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ያ የእንጨት ሥራቸው ሆነ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከጎረቤቴ ነው። ታሪኩን ከአንድም ሁለት ሦስት ቪዲዮ ላይ አይቶታል። ታሪክ መስማት ጣት አያሳምምም።

ችግሩ የጀመረው ከምኞቱ ነው። ዩኩሌሌ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ክሮቹን ከላይ ወደ ታች መግረፍ ነው። ሁለት ሦስት ኮርድ ይይዛል፣ ይገርፋል፣ ይዘፍናል። ጎረቤቴ ግን መዝፈን አይሆንለትም፤ ይህን ሰርግ ላይ አረጋግጠናል። ስለዚህ ዜማውን ራሱ መሣሪያው እንዲያወጣለት ፈለገ፤ ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ እየነጠሉ መጫወት ማለት ነው። ፍላጎቱን የቆሰቆሰው ደግሞ የሃዋዩ ተወላጅ ጄክ ሺማቡኩሮ ነው። ይህ ሰው ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተቀምጦ የጆርጅ ሃሪሰንን አንድ ዘፈን ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለምን አዳረሰ። ስንቱ ሰው ያንን አይቶ ዩኩሌሌ ገዛ፤ ስንቱስ ያንኑ አይቶ የገዛውን መልሶ ሰቀለ። ከጫፍ ላይ ያለን ሰው እያዩ መጀመር እንዲህ ነው።

ጎረቤቴ አልሰቀለም። መማሪያ መሰብሰብ ጀመረ።

በመጀመሪያው ሰሞን የምሰማው መቃኘት ብቻ ነበር። አዲስ የናይለን ክር ይለጠጣል፤ ቃኝተኸው ቡና እስክትጠጣ ይወርዳል። እሱ ይህን ስላላወቀ የመቃኛውን አፕ ጠረጠረና ሌላ አወረደ። ሁለቱ አፖች አንድ ነገር ሲነግሩት ሦስተኛ አወረደ። የሒሳብ ሰው ነውና ሦስት ደረሰኝ ካላመሳከረ አያምንም።

ክሩ አደብ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የዩኩሌሌ ክሮች ከአፍንጫ ወደ መሬት ሲቆጠሩ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ናቸው። የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ ምክንያቱም ያ ሶል ከሚቀጥለው ዶ በላይ የቀጠነ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ይህን ክር አውጥቶ በምትኩ ወፍራም ሶል ይገጥማል። ስለዚህ በዓለም ላይ የዩኩሌሌ ትምህርት ለሁለት ተከፍሏል፤ ለቀጭን ሶል የተዘጋጀ አለ፣ ለወፍራም ሶል የተዘጋጀ አለ። ይህን ሳይጠይቅ ትምህርት የመረጠ ጀማሪ ሁሉን ነገር በትክክል ሠርቶ ዜማው ጠማማ ሲሆንበት ጥፋቱን በጣቱ ያሳብባል። ጎረቤቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቱን ሲወቅስ ከረመ። በኋላ ነገሩ ሲገባው ደግሞ ጥፋቱን ወደ ቀጭኑ ሶል አዞረና እህቱ ወፍራም ክር እንድትልክለት ጻፈላት።

ከዚያ የቀኝ እጅ ጉዳይ አለ። አንደኛው አስተማሪ አውራ ጣት ላይኞቹን ሁለት ክሮች ይያዝ፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት የቀሩትን አንዳንድ ይካፈሉ ይላል። ሌላው ለአራት ክር አራት ጣት፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሰኞ አንዱን፣ ማክሰኞ ሌላውን የተከተለ ሰው ግን ረቡዕ ዕለት ሌባ ጣቱ የአውራ ጣቱን ክር ሲሰርቅ ያገኘዋል።

ወረቀቱም አያርፍም። ታብ የሚባል የአጻጻፍ ዘዴ አለ፤ አራት መስመር ይሰመርና ጣት የሚያርፍበት ፍሬት በቁጥር ይጻፋል። ኖታ ለማያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ወረቀቱ ላይ ከላይ ያለው መስመር እቅፍህ ውስጥ ከታች፣ ለመሬት የቀረበው ክር ነው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ገልብጠህ አትይዘውም?» አሉ። ገልብጦ ሞከረው። ቁጥሮቹም አብረው ተገለበጡ።

ስለ አስተማሪዎቹ አንድ ነገር ካላልኩ ግን አይወጣልኝም። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አዋቂውም ወጣቱም፣ አንድ አመል አለው፤ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። ቀላል ነው ይልና ጣቱ ከዓይን ይሰወራል። ዕድሜውን በሙሉ ሲጫወት የኖረ ሰው ቀላል ሲል እውነቱን ነው፤ ለእሱ ቀላል ነው። ተማሪው ግን ቀላል የተባለው ነገር አልሆን ሲለው ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ እኔ ደደብ ነኝ ማለት፣ ወይ አስተማሪ መቀየር። ጤነኛ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። እማማ ይህን ሲሰሙ «እኔ እንጀራ መጋገር ስማር ማንም ቀላል ነው ብሎኝ አያውቅም። ሊጥ እንዳላበላሽ ነበር የሚቆጡኝ» አሉ።

ድሮ አስተማሪ መቀየር እንዲህ ቀላል አልነበረም። አሜሪካዊው አርተር ጎድፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1950 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ቀርቦ ዩኩሌሌ ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን ማሪዮ ማካፌሪ የተባለ ሰው ርካሽ የፕላስቲክ ዩኩሌሌ በሚሊዮን ያመርት ነበርና ተመልካቹ መሣሪያውን አቅፎ ይጠብቃል። ጎድፍሬይ ጣቱን ያሳያል፤ ያየኸውን አየህ፣ ያመለጠህ አመለጠህ። ማቆም የለ፣ መመለስ የለ፣ ፍጥነት መቀነስ የለ፣ ለበኋላ ማስቀመጥ የለ። ያ ሁሉ አሜሪካዊ እንዴት ተማረ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ምናልባት ሌላ የሚያየው ስላልነበረ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ደግሞ መጽሐፍ ነበር። ሃዋያዊው ኧርነስት ካአይ እ.ኤ.አ. በ1906 ከዩኩሌሌ መማሪያ መጻሕፍት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱን አሳተመ። ለጣት ልምምድ ከሆነ ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ጣልያናዊው ማውሮ ጁሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1812 ቪየና ላይ ለጊታር ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የቀኝ እጅ ልምምዶች አሉ። 120 ናቸው። እነዚህ 120 ልምምዶች በሙሉ የተሠሩት በሁለት ኮርድ ብቻ ነው። ግራ እጅ ሁለት ቦታ እየተመላለሰ ይቀመጣል፣ ቀኝ እጅ ፍዳውን ይቆጥራል። ብዙ የዩኩሌሌ አስተማሪዎች ዛሬም ሐሳቡን ወደ አራት ክር እያሳጠሩ ይጠቀሙበታል። ጎረቤቴ ይህንንም አውርዶታል። የመጀመሪያውን ሲመታ ሰማሁት፤ ሁለተኛውንም። ከዚያ ሰላም ባዮቹ ተመለሱ።

«ዩኩሌሌ ኤሮቢክስ» የሚባል ለ40 ሳምንት የተከፋፈለ የልምምድ መጽሐፍም አለ። ለዚህኛው በኤክሴል ሰንጠረዥ ሠራለት። ሳምንቱ በአግድም፣ ቀኑ በቁልቁል፣ የተሠራው አረንጓዴ፣ ያልተሠራው ቀይ። ሰንጠረዡን አሳይቶኛል፤ ውብ ነው። ቀዩ በተለይ ደምቆ ይታያል።

ለምን አትጀምርም ስለው «ሙያ በልብ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ግን ዩኩሌሌ በልብ አይመታም።

ነገር ሳይበላሽ ቅዱስ ያሬድን አስታወስኩት። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መገረፉ መርሮት ሲሸሽ አንድ ዛፍ ሥር አረፈ ይባላል። አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ወደ ላይ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትወጣለች፣ ትወድቃለች። በሰባተኛው ደረሰች። ልጁም ይህን አይቶ ወደ አስተማሪው ተመለሰ። ትሏ ስልክ ቢኖራት ኖሮ በሁለተኛው ውድቀት «ለጀማሪ ትሎች የሚመቹ አሥር ዛፎች» የሚል ቪዲዮ ትከፍት ነበር፤ እኛም ዛሬ ዜማ ባልኖረን ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

እሱ ግን አልተሸነፈም። «ያሬድ እኮ የተመለሰው ወደ አስተማሪው ነው» አለኝ። «እኔ ወደ ማን ልመለስ?»

ይህቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ለካ ጎረቤቴ የያዘው ችግር ትክክለኛ ነው። የሰበሰበው ሁሉ ተናጋሪ ነው። መጽሐፉ ይናገራል፣ ቪዲዮው ይናገራል፣ አፑ ይናገራል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እሱን የሚሰማ አንድም የለም። የቆሎ ተማሪ ደጀ ሰላም ላይ ሲያዜም የኔታ መጽሐፍ አይዙም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብለህ አንዷን የዜማ ምልክት ልታልፋት ስትል «ተመለስ!» ይላሉ። የኔታ ከመናገራቸው ይልቅ መስማታቸው ነው ሊቅ የሚያደርጋቸው። እንዲህ ዓይነቱን መማሪያ ደግሞ ማውረድ አይቻልም።

በሌላ በኩል ካየነው መሰብሰቡም ጥበብ አለው። ያልተጀመረ ትምህርት ስሕተት የለበትም። የተቀመጠ ቪዲዮ ጎረቤት አይረብሽም። ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ብሎ የሚሳቀቅ አዲስ አበቤ፣ ግድግዳው ጆሮ ባለበት ቤት፣ በጎልማሳነቱ እንደ ገና ጀማሪ መሆን እንዴት ይድፈር? ልጅ ሲሳሳት ይሳቅለታል። የአርባ ዓመት ሰው ሲሳሳት ይሳቅበታል።

ድፍረቱን የሰጡት እማማ ናቸው፤ ያውም በንዴት።

አንድ ቅዳሜ ምስር እየለቀሙ ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዩኩሌሌውን ታቅፎ ስልኩን ይገፋል። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ይሄ ነገር ትዝታ አይወጣለትም?» እማማ የደሴ ሰው ናቸው። ባቲና አምባሰል ለእሳቸው የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት ዘመድ የሚጠየቅባቸው አገሮች ናቸው። በወጣትነታቸው ሰርግ ላይ የእሳቸው ድምፅ ከሌለ ሙሽራ አይነሣም ነበር ይባላል፤ የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ልጁ ካስቀመጣቸው ውስጥ ትዝታ ፈለገ፤ አላስቀመጠም። ግድ ሆኖበት ራሱ ማሰብ ጀመረ። ሙሉ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ዩኩሌሌ ደግሞ ምንም ሳይነካ፣ ክሩ ክፍት እንዳለ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ነው። ከአምስቱ አራቱ ግራ እጅ ሳያርፍባቸው ተቀምጠዋል! የጎደለችው ሬ ብቻ ናት፤ እሷም ዶ ክር ላይ ሁለተኛውን ፍሬት ቢጫኑ ትመጣለች። ፖርቱጋሎቹና ሃዋያውያኑ ሳያስቡት ትዝታን አንድ ጣት እስኪቀረው ድረስ ቃኝተው ልከውልናል።

ደግሞ ያ የተወቀሰው ቀጭን ሶል! ዜማው ከሚ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ላ ሲሄድ እያንዳንዷ ድምፅ የራሷ ክር አላት። አንዷ ሳትሞት ሌላዋ ትነሣለች፤ ድምፆቹ እየተደራረቡ ይጮኻሉ። አዋቂዎቹ ይህን አመታት ካምፓኔላ ይሉታል። ስፔናዊው ጋስፓር ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1674 ባሳተመው የጊታር መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ጆን ኪንግ የተባለ አሜሪካዊ የባኽን ሥራዎች በዚህ ዘዴ በዩኩሌሌ ተጫውቷል። ለክራር ተጫዋች ግን ይህ ዜና አይደለም። ክራር ፍሬት የለውም፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ክር ነው። ሜሪ አርምዴም ካሳ ተሰማም አስናቀች ወርቁም ሌላ ዓይነት አያውቁም ነበር። ወፍራሙ ክር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሳይፈታ መሳቢያ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ባዮቹ ጠፍተዋል። በምትኩ የምሰማው ትዝታ ነው፣ ከእማማ ማስተካከያ ጋር። ሴትዮዋ ፍሬት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ የመሣሪያውን ስም እንኳ በትክክል አይጠሩም። ግን ከወጥ ቤት ሆነው «አሁንም እዚያችው ጋ ተደናቀፍክ» ይላሉ። «ምነው የሚያሳድድህ አለ?» ይላሉ። «ሦስተኛዋን ዋጥካት፤ ትፋት» ይላሉ። ማስተማራቸውም አይደለም፤ ሰልችቷቸው ነው። አንድ ዜማ በተበላሸ ቁጥር የሚያመው ጆሮ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ሌላ ምን ይፈለጋል።

በእኔም በኩል ጉዳት ደርሷል። ታክሲ ውስጥ ሳላስበው ያንኑ ትዝታ በፉጨት እይዘዋለሁ። እሱ የሚደናቀፍበት ቦታ ስደርስ እኔም ቀጥ እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አንድ ቀን ዘወር ብለው «ቀጥላ!» አሉኝ። ምን ልበላቸው፤ ጎረቤቴ ገና አላለፋትም።

አሁን አልፏታል። ማለፍ ብቻም አይደለም፤ ለጥምቀት ሰሞን በሬን አንኳኩቶ ስልክ እንድይዝለት ጠየቀኝ። ለጀማሪዎች መማሪያ ሊቀርጽ ነው። አንድ ዘፈን የቻለ ሰው ይህ ስሜት ይመጣበታል መሰለኝ። ሳሎን ተቀመጠ፣ አንገትጌውን አስተካከለ፣ ሞቅ ያለ ሰላምታ አቀረበ፣ ስለ ራሱ ትንሽ አወራ። እማማ ወጥ ቤት ናቸው፣ ዝም ብለዋል፤ እኔም ተሳካ ብዬ ነበር። ከዚያ ዩኩሌሌውን ወደ ካሜራው ዘንበል አደረገና «ይህ ዘፈን በጣም ቀላል ነው» አለ።

«ቀላል ከሆነማ» አለ የወጥ ቤቱ ድምፅ፣ «ከፋሲካ ጀምሮ ምን ስታደርግ ነበር?»

ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ብሎ አማከረኝ። ይቆይ አልኩት። ጀማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።